ስድስተኛው ፎቅ

የፓሪስን አሮጌ ፎቆች በሥዕል ያላየ ተማሪ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። ቅቤ የመሰለ ድንጋይ፣ በአንድ መስመር የተሰለፈ የብረት በረንዳ፣ ከላይ ግራጫ የዚንክ ቆርቆሮ። ጎዳናውን ሙሉ ብትሄዱ ቁመቱ አይዛነፍም። ያምራሉ፤ ይህን መካድ ግብዝነት ነው። ግን ከዚያ ቆርቆሮ ሥር ማን ነበር የሚተኛው?

ነገሩ የሚጀምረው በ1853 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ሦስተኛው ናፖሊዮን ኦስማንን ፓሪስ ያለችበት የሴን አውራጃ ገዥ አድርጎ ሾመው። ኦስማን እስከ 1870 ድረስ የድሮዋን ከተማ እያፈረሰ ሰፋፊ ጎዳና ቀደደባት። ጎዳናው የሰፋው ለመድፍና ለፈረሰኛ እንዲመች ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። በ1848 አብዮት ሕዝቡ ጠባቡን መንገድ በድንጋይና በጋሪ ሲዘጋ መንግሥት አይቷልና ሐሰት አይደለም። እኔ እንደሚመስለኝ ግን ገንዘቡ ከመድፉ አያንስም። ፎቆቹን የሠራው መንግሥት ሳይሆን ተበድሮ ለኪራይ የሚሠራ ባለሀብት ነው። በ1859 የወጣው ደንብ፣ ስፋቱ 20 ሜትርና ከዚያ በላይ በሆነ ጎዳና ላይ የቤቱ ፊት እስከ 20 ሜትር እንዲቆም ፈቀደ፤ ከዚያ በላይ ጣሪያው በ45 ዲግሪ ወደ ኋላ ይሸሻል። ባለሀብቱ ከተፈቀደለት ላይ አንዲት ሜትር እንኳ ማስቀረት ስላልፈለገ ሁሉም እኩል ወጣ። ያ የምናደንቀው ውበት እንግዲህ ግማሹ ስስት ነው። ቤቱ የፈረሰበት ድሃስ? ወደ ዳር፣ ወደ ቤልቪል ተገፋ።

ወደ ውስጥ እንግባ። ምድር ቤቱ ሱቅ ነው። መግቢያው ላይ በረኛዋ አለች፤ አምሽቶ የመጣ ተከራይ ደጅ ሆኖ ሲጣራ ከአልጋዋ ሳትነሳ ገመድ ስባ ትከፍትለታለች። የማንም ገመና ከእሷ አያመልጥም። ሁለተኛው ፎቅ የጌቶች ነው፦ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ በረንዳው ረጅም፣ መውጫውም የማያደክም። ከዚያ ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር ጣሪያው ዝቅ፣ ኪራዩም ቅንስ ይላል። እኛ «ደረጃ» ስንል መውጫውንም ማዕረጉንም ማለታችን ነው፤ እዚያ ቤት ውስጥ ሁለቱ በእርግጥ አንድ ነበሩ።

ስድስተኛው ፎቅ፣ ከቆርቆሮው ሥር፣ የገረዶች ነው። ጠባብ ኮሪደር፣ ግራና ቀኝ አልጋ ብቻ የሚያስገባ ክፍል፣ ለሁሉም አንድ ቧንቧ፣ አንድ ሽንት ቤት። በብርዱ ወራት ውርጭ፣ በሙቀቱ ወራት ምድጃ ነው። ምንጣፍ የተነጠፈበት ዋናው ደረጃ ለነሱ አይደለም፤ የነሱ ከጓሮ ተነስቶ በየወጥ ቤቱ በር እየተጠማዘዘ የሚወጣው ነው። ኤሚል ዞላ በ1882 «ፖ ቡይ» በተባለው ልብ ወለዱ የተረከው እንዲህ ያለውን ፎቅ ነው። አዴል የምትባለው ገረድ ሌሊት በዚያ ክፍሏ ብቻዋን ትወልዳለች። አዴል ፈጠራ ናት፤ ክፍሉ ግን ፈጠራ አይደለም።

ይህን የቤት ሥርዓት የገለበጠው አብዮት አይደለም፤ አሳንሰር ነው። ሊዮን ኤዱ የሚባል ፈረንሳዊ መሐንዲስ በ1867ቱ የፓሪስ ኤግዚቢሽን በውሃ ግፊት የሚሠራ አሳንሰር አሳየ፤ ስሙንም ያወጣለት እሱ ነው ይባላል። ቀስ በቀስ በየደረጃው መሃል በቀረችው ባዶ ቦታ የብረት ሳጥን ገባ። እግር የማያደክም ከሆነ፣ ላይኛው ፎቅ ብርሃን አለው፣ አየር አለው፣ ከመንገድ ጫጫታም ይርቃል። ጌቶች ይህ የገባቸው ያን ጊዜ ነው። ትናንት የናቁት አምስተኛ ፎቅ ተወደደ።

የገረዶቹ ክፍሎችስ? በ1960ዎቹ ከስፔንና ከፖርቱጋል ለቤት ሥራ የመጡ ሴቶች ገቡባቸው። ከዚያ ወዲህ ስደተኛና ተማሪ ነው የሚኖርባቸው፤ አዎ፣ እንደ እኛ ያለ ተማሪ። በ2002 የወጣ ደንብ፣ የሚከራይ ቤት ዋና ክፍሉ ቢያንስ 9 ካሬ ሜትር ስፋትና 2.20 ሜትር ቁመት፣ አለዚያም 20 ሜትር ኩብ ይኑረው ይላል። ብዙዎቹ ይህን አይሞሉም፤ በድብቅ የሚከራዩ ግን አልጠፉም። በብዙ ቤቶች አሳንሰሩ አምስተኛው ፎቅ ላይ ይቆማል። የስድስተኛው ፎቅ ተማሪ መጽሐፉን ታቅፎ በጓሮው ደረጃ ይወጣል።