የትምህርት ግብር በጅባትና ሜጫ

በ1940 ዓ.ም. የታወጀው የትምህርት ግብር የተጣለው በመሬት ላይ ነበር። ሕጉ ከፋይ ያደረገው ባለመሬቱን ነው፤ በጅባትና ሜጫ አውራጃ፣ በጉደር፣ በጌዶና በጊንጪ ገጠር ግን ሸክሙ ወርዶ ወርዶ ጭሰኛው ትከሻ ላይ አረፈ። አባቴ ጭሰኛ ነበር። ጤፉን ገበያ አውጥቶ ሸጦ ብሩን ይሰጣል፤ ደረሰኙ ግን የሚቆረጠው በባለመሬቱ ስም ነው። ስሙ ያልተጻፈበትን ወረቀት ይዞ የትኛው ሹም ፊት ቆሞ «ትምህርት ቤቱ የታለ?» ይበል? ትምህርት ቤቱ ያለው ከተማ ነበር። እኔ በእግሬ እየተመላለስኩ ተማርኩ። በልምሻ አንድ እግሯ የሰለለው እህቴ ግን መንገዱን አልቻለችውም። ግብሩ ለእሷም ተከፍሏል፤ ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በ1955 የተመሠረተው የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር ከሕዝብ መዋጮ ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ማሠራት ሲጀምር፣ ገበሬው ግብር ከፍሎ ያጣውን እንደገና ከኪሱ እያወጣ ነበር። ማኅበሩ በ1959 ታገደ።

ጭሰኝነት በ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ቀረ። የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ አካል ጉዳተኞች እንደ ችሎታቸው ይማሩ አለ፤ በ2002 ደግሞ ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን አጸደቀች። በእነዚሁ ዓመታት የወረዳ በጀት በሰሌዳ ላይ መለጠፍ ተለመደ። ሰሌዳ ፊት ስቆም ዓይኔ የሚፈልገው አንድ መስመር ነው፦ ለአካል ጉዳተኛ ልጆች ስንት ተያዘ፣ ስንቱስ ወጣ? «ትምህርት» ተብሎ በጅምላ የተጻፈ ድምር እህቴን የመሰለች ልጅ ክፍል መግባቷን አይነግረኝም። ዝርዝሩ ከድምሩ ሥር ይለጠፍልን።