የካንሰር ኢሚዩኖቴራፒ ውጤት ክትትል

የካንሰር ኢሚዩኖቴራፒ ውጤት ክትትል የሰውነትን የበሽታ መከላከያ ሥርዓት በማነቃቃት ካንሰርን የሚያክመው ሕክምና እየሠራ መሆን አለመሆኑ የሚለካበት አሠራር ነው። ዋናው መንገድ ከሕክምናው በፊትና በኋላ የተነሡ የሲቲ ስካን ምስሎችን ማነጻጸር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2009 በተሻሻለው ሬሲስት በተባለው መለኪያ መሠረት፣ የተመረጡት ዕጢዎች የዲያሜትር ድምር ከመነሻው ቢያንስ በ30 በመቶ ከቀነሰ «ከፊል ምላሽ» ይባላል። ከተመዘገበው ዝቅተኛ ድምር ቢያንስ በ20 በመቶና በ5 ሚሊሜትር ከጨመረ ደግሞ በሽታው እንደተባባሰ ይቆጠራል።

በኢሚዩኖቴራፒ ግን የዕጢ ማደግ ሁልጊዜ መባባስ አይደለም። አንዳንዴ ነጭ የደም ሴሎች ወደ ዕጢው ስለሚገቡ ለጊዜው ያብጣል፤ ይህም «ሐሰተኛ መባባስ» ይባላል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው አይሬሲስት መባባሱ ከ4 እስከ 8 ሳምንታት ውስጥ በድጋሚ ምስል እንዲረጋገጥ ይጠይቃል። ሕክምናው እስከዚያ የሚቀጥለው የታማሚው ሁኔታ ካልከፋ ብቻ ነው። ቸኩሎ ማቆም የሚጠቅም መድኃኒት ያሳጣል፤ መዘግየት ደግሞ በማይሠራ መድኃኒት ጊዜ ያባክናል።

የንፍፊት ቲቢ በሚበዛባት ኢትዮጵያ፣ በምስል ላይ የታየ ያበጠ ንፍፊት ካንሰር ላይሆን ይችላል። ይህን ለመለየት ከንፍፊቱ ናሙና ወስዶ መመርመር ያስፈልጋል። ሕክምናው ጤናማ አካልንም ሊያስቆጣ ስለሚችል የጉበትና የታይሮይድ የደም ምርመራ የክትትሉ አካል ነው።