ማን ከማን ጋር ይሰለፋል? የአማተር ሞቶክሮስና የኳድ ውድድር ምድቦች አወቃቀር

በኡጋንዳዋ ጋሩጋም ሆነ በናይሮቢው ጃምሁሪ ፓርክ የሞቶክሮስ ውድድር ለማየት የሄደ ሰው የሚመለከተው አንድ ውድድር አይደለም። በአንድ ቀን፣ በአንድ ሜዳ ላይ በርካታ ውድድሮች ይፈራረቃሉ። በአንደኛው ዙር ገና ትምህርት ቤት የገቡ ሕፃናት ትንንሽ ሞተሮቻቸውን እያስጮኹ ይነሳሉ፤ በሌላው ታዳጊዎች ይሰለፋሉ፤ ቆይቶም ባለ 450 ሲሲ ሞተር የያዙ አዋቂዎች በዚያው ጉብታ ላይ ሲዘሉ ይታያሉ።

ለስፖርቱ እንግዳ የሆነ ተመልካች የምድቦቹን ብዛት ዋንጫ ለማብዛት የተፈጠረ ዘዴ አድርጎ ሊወስደው ይችላል። ነገር ግን በሞቶክሮስ እስከ 40 የሚደርሱ ተወዳዳሪዎች ጎን ለጎን ከተሰለፉበት የመነሻ በር በአንድ ቅጽበት ወጥተው ወደ አንዲት ኩርባ ይጣደፋሉ። ከፊት ያለው ቢወድቅ ከኋላ የሚመጣው ለማሰብ የሚያገኘው ጊዜ እጅግ አጭር ነው። በዚያች ኩርባ ላይ 40 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ሞተር የያዘ ልጅና ከ100 ኪሎ በላይ የሚመዝን ሞተር የያዘ ጎልማሳ መገናኘት የለባቸውም። የምድብ ሥርዓቱ የቆመው በዚህ መርህ ላይ ነው።

ቦክስ ተጋጣሚዎችን በዋናነት በክብደት ይለያል። ከአስፋልት ውጪ የሚካሄዱ የሞተር ውድድሮች ግን ሦስት መለኪያዎችን ያጣምራሉ፤ የሞተሩን ጉልበት፣ የተወዳዳሪውን ዕድሜና ችሎታውን።

የሞተሩ ጉልበት

የመጀመሪያው መለኪያ ሲሲ ነው። ይህም ፒስተኑ በሲሊንደሩ ውስጥ ሲመላለስ የሚጠርገው ቦታ ስፋት ነው። በሞቶክሮስ የተለመዱት መጠኖች 50፣ 65፣ 85፣ 125፣ 250 እና 450 ሲሲ ናቸው።

ይሁንና ሲሲ ብቻውን ሙሉውን እውነት አይናገርም። ባለ ሁለት ምት ሞተር ዘንጉ አንድ ጊዜ በዞረ ቁጥር ነዳጅ ያቃጥላል፤ ባለ አራት ምት ሞተር ግን ይህን ለማድረግ ሁለት ዙር ያስፈልገዋል። ስለዚህ በእኩል ሲሲ ባለ ሁለት ምቱ የበለጠ ጉልበት ይኖረዋል። ደንቦቹ ይህን ለማመጣጠን 125 ሲሲ ባለ ሁለት ምት ሞተርን ከ250 ሲሲ ባለ አራት ምት፣ 250 ሲሲ ባለ ሁለት ምትን ደግሞ ከ450 ሲሲ ባለ አራት ምት ጋር በአንድ ምድብ ያስቀምጣሉ። ያማሃ በአውሮፓውያኑ 1998 ባለ አራት ምት የሞቶክሮስ ሞተር ለገበያ ካቀረበ በኋላ ሌሎቹ አምራቾችም መንገዱን ስለተከተሉ ይህ ማመጣጠኛ የሥርዓቱ ቋሚ አካል ሆኗል።

በዓለም ሻምፒዮና ትንሹ ምድብ ኤምኤክስ 2፣ ትልቁ ደግሞ ኤምኤክስጂፒ ይባላል። ትልቁ ምድብ እስከ 2014 ድረስ ኤምኤክስ 1 ይባል ስለነበር በአፍሪካ በሚካሄዱ ውድድሮች ይኸው ስም አሁንም ይሠራበታል።

ዕድሜ

ሁለተኛው መለኪያ ዕድሜ ነው። በአሜሪካ የአማተር ውድድሮች በአብዛኛው ከ4 እስከ 8 ዓመት ያሉ ልጆች በ50 ሲሲ፣ ከ7 እስከ 11 ዓመት ያሉት በ65 ሲሲ ይወዳደራሉ። ወደ 85 ሲሲ የሚሸጋገሩት 9 ዓመት ገደማ ሲሞላቸው ጀምሮ ነው። ብዙ ደንቦች የልጁን ዕድሜ የሚቆጥሩት በአውሮፓውያኑ ጥር 1 ቀን በነበረው ልክ ሲሆን፣ ይህም ልጁ በውድድር ዘመኑ አጋማሽ ልደቱን ስላከበረ ብቻ ምድቡን ከመቀየር ያድነዋል።

የዕድሜ ክልሎቹ ሆን ተብለው እርስ በርስ እንዲደራረቡ ተደርገዋል። አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ በ65ም ሆነ በ85 ሲሲ ሊሰለፍ ይችላል። ውሳኔው የወላጅ ሲሆን፣ ስህተትም ብዙ ጊዜ የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። 50 ሲሲ የውድድር ሞተሮች በአብዛኛው ማርሽ መቀየር አይጠይቁም፤ ልጁ ነዳጅ መስጠትና ፍሬን መያዝ ብቻ ይበቃዋል። 65 ሲሲ ላይ ሲደርስ ግን ፍሪሲዮንና ስድስት ማርሽ ይጠብቁታል። 85 ሲሲ ሞተር ደግሞ ወደ 70 ኪሎ ይመዝናል። እግሩ መሬት የማይነካለት ወይም የወደቀ ሞተሩን ራሱ ማንሳት የማይችል ልጅ ዕድሜው ቢፈቅድለትም ሰውነቱ አልደረሰም።

ከዕድሜ እርከኑ በላይኛው ጫፍ ደግሞ የአንጋፋዎች ምድቦች አሉ። በአሜሪካ ከ25፣ ከ30፣ ከ40 እና ከ50 ዓመት በላይ ለሆኑ ሰዎች የተለዩ ምድቦች ተዘጋጅተዋል። በነጋታው ወደ ሥራው የሚመለስ የ45 ዓመት ሰው ከ18 ዓመት ወጣት ጋር እንዲጋፋ አይገደድም። ሴቶችም በብዙ ውድድሮች የራሳቸው ምድብ ያላቸው ሲሆን፣ የሚፈልጉት በሌሎቹ ምድቦችም መሰለፍ ይችላሉ።

ችሎታ

ሦስተኛው መለኪያ ከሁሉም በላይ አከራካሪው ነው። በአሜሪካ ሞተረኞች ማኅበር አሠራር አማተሮች በኤ፣ በቢ እና በሲ ደረጃ ይከፈላሉ። ሲ ለጀማሪዎች፣ ቢ ለመካከለኞች፣ ኤ ደግሞ ከፕሮፌሽናል ውድድር ደጃፍ ለደረሱ ነው። ከደረጃ ወደ ደረጃ የሚያሸጋግረው ተወዳዳሪው ያስመዘገበው ውጤት ነው።

ሲሲን በመሣሪያ መለካት፣ ዕድሜን በልደት ምስክር ወረቀት ማረጋገጥ ይቻላል። ችሎታን ግን መደበቅ ይቻላል። ወደ ቢ ማደግ የሚገባው ተወዳዳሪ ዋንጫ መሰብሰቡን ወዶ በሲ ደረጃ ሲቆይ አዳዲስ ጀማሪዎች ተስፋ ይቆርጣሉ፤ አንዳንዶቹም ስፖርቱን ይተዋሉ። ከዚያ የሚከፋው ደግሞ የፍጥነት ልዩነቱ ነው። ዝላዩን በሙሉ የሚያልፍ ሰውና በዝላዩ መሐል የሚያርፍ ጀማሪ በአንድ መስመር ሲገናኙ አንዱ በሌላው ላይ ሊወርድ ይችላል። በዚህ ምክንያት አዘጋጆች የተወዳዳሪዎችን ውጤት ይመዘግባሉ፤ ፈጣኑን ያለፈቃዱም ቢሆን ወደ ላይ የማሳደግ ሥልጣን አላቸው። አንዴ ያደገ ሰው ያለ ፈቃድ ወደ ታች አይመለስም።

ውጤት እንዴት ይሰላል?

በሞቶክሮስ እያንዳንዱ ምድብ በአብዛኛው በቀን ሁለት ጊዜ ይወዳደራል። በዓለም አቀፉ አሠራር የአንደኛው 25፣ የሁለተኛው 22፣ የሦስተኛው 20 ነጥብ ሲሆን እየቀነሰ ሄዶ ሃያኛው 1 ነጥብ ያገኛል። በመጀመሪያው ዙር አንደኛ፣ በሁለተኛው ሦስተኛ የወጣ 45 ነጥብ ይይዛል፤ ሁለቱንም ሁለተኛ ሆኖ የጨረሰውን በአንድ ነጥብ ይበልጠዋል። ነጥብ እኩል ሲሆን በመጨረሻው ዙር የቀደመው ያሸንፋል።

በአሜሪካ ትልቁ የአማተሮች ሞቶክሮስ ከ1982 ጀምሮ በቴነሲ ግዛት በሙዚቀኛዋ ሎሬታ ሊን እርሻ ላይ ይካሄዳል። በየአካባቢው ማጣሪያ ያለፉ ተወዳዳሪዎች በየምድባቸው እስከ 42 ሆነው ሦስት ዙር ይወዳደራሉ። እዚያ የሚደመረው የወጡበት ተራ ቁጥር ሲሆን ትንሹን ድምር ያገኘ አሸናፊ ይሆናል።

ኳድ ለምን ለብቻው?

ባለ አራት ጎማ ሞተር ወይም ኳድ ከባለ ሁለት ጎማው ጋር በአንድ ምድብ አይሰለፍም። ሰፊ በመሆኑ የሚይዘው መስመር የተለየ ነው፤ የሁለት ኳዶች ጎማዎች ከተጠላለፉም አንዱ ሊገለበጥ ይችላል። ስለዚህ የኳድ ውድድር ደንቦች በጎን የሚገጠም የብረት መከላከያ እና ነጂው ሲወድቅ ሞተሩን የሚያጠፋ ከሰውነቱ ጋር የሚታሰር ገመድ ያስገድዳሉ።

የልጆች ኳድ ጉዳይ በአሜሪካ እስከ ፍርድ ቤት ደርሷል። በ1988 በፍርድ ቤት በጸደቀ ስምምነት አምራቾች ባለ ሦስት ጎማ ሞተሮችን መሸጥ ያቆሙ ሲሆን፣ ከ90 ሲሲ በላይ የሆኑ ኳዶችም 16 ዓመት ላልሞላቸው እንደማይመከሩ ተደነገገ። የዛሬዎቹ የታዳጊ ኳድ ምድቦችም በዕድሜና በሞተር መጠን ጠበቅ ብለው የሚከፈሉ ናቸው።

በጫካና በጭቃ ረጅም ርቀት የሚሸፍነው የአሜሪካ ጂኤንሲሲ ውድድር የኳዶችንና የሞተርሳይክሎችን ቀን ይለያል። ተወዳዳሪዎች ሞተራቸውን አጥፍተው በየምድባቸው በተርታ ይቆማሉ፤ እያንዳንዱ ተርታ በአጭር የጊዜ ልዩነት ይለቀቃል። ፈጣኖቹ ከፊት፣ ጀማሪዎቹ ከኋላ ስለሚነሱ በጠባቡ መንገድ መተላለፍ ይቀንሳል።

ምድብና የተወዳዳሪ ቁጥር

ምድብ በወረቀት ላይ መኖሩ ብቻውን አይበቃም። ከ2020 ጀምሮ በሳዑዲ አረቢያ የሚካሄደው የዳካር ራሊ ለኳዶች ከ2009 ጀምሮ የተለየ ምድብ ነበረው፤ ተመዝጋቢዎቹ እየተመናመኑ ሄደው በ2025 ምድቡ ቀረ። በአንጻሩ ያለ መካኒክና ያለ ረዳት ቡድን የሚጓዙ ሞተረኞች የሚሰለፉበት ምድብ አሁንም አለ። እነዚህ ሰዎች ቀን ሲነዱ ውለው ማታ ሞተራቸውን ራሳቸው ይጠግናሉ።

የምሥራቅ አፍሪካ አዘጋጆችም ከዚሁ ጥያቄ ጋር ይጋፈጣሉ። ሦስት ተወዳዳሪ ብቻ የቀረበበት ምድብ ውድድር ለመባል ይከብዳል፤ ምድቦችን ማዋሃድ ደግሞ አደጋ ይጨምራል። የተለመደው መፍትሔ ጎረቤት ምድቦችን በአንድ ሜዳ ላይ በተለያየ ተርታ ማስነሳትና ውጤታቸውን ለየብቻ ማስላት ነው። ኤምኤክስ 1 እና ኤምኤክስ 2 እንዲህ ሊጣመሩ ይችላሉ። ሕፃናትን ከአዋቂዎች ጋር ማሰለፍ ግን ሥርዓቱን ከመሠረቱ ያፈርሰዋል።

በአህጉሪቱ ስፖርቱን የሚመራው በ1904 የተመሠረተው የዓለም አቀፉ የሞተርሳይክል ፌዴሬሽን የአፍሪካ ክፍል ነው። በየአገሩ ደግሞ እንደ ኡጋንዳና ኬንያ ያሉ ብሔራዊ ፌዴሬሽኖች ፈቃድ ይሰጣሉ። የአፍሪካ አገራት የሞቶክሮስ ውድድር የምድቦችን ዋጋ በግልጽ ያሳያል። ቡድኖች ከ50 ሲሲ ሕፃናት ጀምሮ በታዳጊዎች፣ በሴቶች፣ በኤምኤክስ 1 እና በአንጋፋዎች ምድብ ተወዳዳሪዎችን ያሰልፋሉ። አንድ ኮከብ ብቻ ያላት አገር ሩቅ አትሄድም፤ ሕፃናቱን ያሠለጠነች አገር ግን ተስፋ አላት።

ከውድድሩ በፊት

በቅርብ ዓመታት ለሕፃናት የተዘጋጁ የኤሌክትሪክ ሞተሮች ወደ ስፖርቱ ገብተዋል። እነዚህ ሲሲ ስለሌላቸው አዘጋጆች በዕድሜና በሞዴል የሚለይ አዲስ ምድብ መፍጠር ጀምረዋል። መለኪያው ይለወጥ እንጂ ጥያቄው ያው ነው።

ልጁን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያስመዘግብ ወላጅም ከዚህ ሥርዓት ጋር የሚገናኘው በምዝገባው ጠረጴዛ ላይ ነው። የልደት ቀን ይጠየቃል፤ የሞተሩ መጠን ይመረመራል፤ የራስ ቁር፣ የደረትና የጉልበት መከላከያ ይታያል። በመጨረሻ ልጁ ከዚህ በፊት ተወዳድሮ ያውቅ እንደሆነ ይጠየቃል። ሦስቱን ነገሮች መርማሪው በዓይኑ አይቶ ማረጋገጥ ይችላል። የአራተኛው መልስ ትክክለኛነት ግን በወላጁ ሐቀኝነት ላይ የተመሠረተ ነው፤ በመነሻው በር ላይ ከልጁ ግራና ቀኝ የሚቆሙት ልጆች ደህንነትም እንዲሁ።