የእኛስ የእስልምና ቅርስ የት ነው?

በሎስ አንጀለስ እ.ኤ.አ. በ2002 በይፋ ከተሰየመችው ትንሿ ኢትዮጵያ ተነስታችሁ በፌርፋክስ ጎዳና ወደ ሰሜን ብትሄዱ፣ ዊልሸር ላይ የካውንቲውን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ታገኛላችሁ። ሙዚየሙ ከሚታወቅባቸው ስብስቦች አንዱ የእስልምና ጥበብ ነው። ይህን ያየ ኢትዮጵያዊ «የእኛስ?» ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ነው።

የእኛም አለ። ስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. በ1963 ተመሠረተ። ከግዕዝ ብራናዎች ጎን በዓረብኛ ፊደል የተጻፉ መጻሕፍትንም ይዟል። ሐረር ጀጎል ውስጥ ደግሞ አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ በግል ጥረታቸው ቁርኣኖችን፣ ሳንቲሞችንና ጌጣጌጦችን ሰብስበው ሙዚየም ከፍተዋል፤ የተጎዱ መጻሕፍትንም ጠግነዋል። አንድ ሰው ይህን ካደረገ ተቋማት ምን ያህል ሊሠሩ እንደሚችሉ አስቡት።

ገና ብዙ ይቀራል። የወሎ ዑለማዎች አማርኛን በዓረብኛ ፊደል ጽፈው፣ መንዙማን በዐጀሚ አቆይተውልናል። ዐጀሚን ዓረብኛ ብቻ የሚያውቅ ቢያነበው አይገባውም፤ አማርኛ ብቻ የሚያውቅ ደግሞ ማንበብ አይችልም። ሁለቱንም የሚያውቁት ሽማግሌ ሲያልፉ መጽሐፉ ከነሣጥኑ ዝም ይላል።

ስለዚህ በቤተሰባችሁ እጅ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ካለ አትሽጡት። እያንዳንዱን ገጽ ፎቶ አንሱት። ማን እንደጻፈው፣ ከማን እንደተወረሰ አባቶችንና እናቶችን ጠይቃችሁ መዝግቡ፤ ቅጂውንም ለዩኒቨርሲቲ አድርሱ። ታሪካችን ሙሉ የሚሆነው ሁሉም ገጹ ሲነበብ ነው።