የኤፍኤም ማዳመጫ (በትምህርት ክፍል)

የኤፍኤም ማዳመጫ የመስማት ችሎታው የቀነሰ ተማሪ የመምህሩን ድምፅ በሬዲዮ ሞገድ በቀጥታ እንዲያገኝ የሚያስችል የትምህርት መርጃ መሣሪያ ነው። መምህሩ ማይክሮፎንና ማሰራጫ አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል፤ ተማሪው ደግሞ ከመስሚያ መርጃው ወይም ከኮክሌር ኢምፕላንቱ (በውስጥ ጆሮ ከተተከለው የመስሚያ መሣሪያ) ጋር የተያያዘ መቀበያ ያደርጋል።

መሣሪያው በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ተስፋፋ። ለዚህ አገልግሎት ከተመደቡት ሞገዶች አንዱ ከ72 እስከ 76 ሜጋኸርዝ ያለው ነው።

አስፈላጊነቱ ከድምፅ ጠባይ ይመነጫል። በገላጣ ቦታ ርቀት በእጥፍ ሲጨምር ድምፅ 6 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል፤ በክፍል ውስጥ ደግሞ የወንበር ኳኳታና የግድግዳ ገደል ማሚቶ ንግግሩን ያደበዝዙታል። ተራው የመስሚያ መርጃ ጫጫታውንም አብሮ ያጎላል። የመምህሩ ማይክሮፎን ግን ከአፍ ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር ብቻ ስለሚርቅ የኋላ ወንበር የተቀመጠው ተማሪ ንግግሩን ከቅርብ እንደተነገረ ይሰማዋል። የመስማት ችሎታቸው ለቀነሰ ልጆች የመምህሩ ድምፅ ከጫጫታው ቢያንስ በ15 ዴሲቤል እንዲበልጥ ይመከራል፤ ያለ መሣሪያ ይህን ማግኘት እጅግ አዳጋች ነው።

ጥቅሙ በአያያዙ ይወሰናል። ባትሪውና ድምፁ በየማለዳው ከትምህርት በፊት ይፈተሻሉ። መምህሩ ከሌላ ተማሪ ጋር ለብቻው ሲነጋገር ማይክሮፎኑን ያጠፋል፤ ተማሪዎች ሲወያዩ ማይክሮፎኑን ያቀብላል ወይም የተጠየቀውን ይደግማል፤ ይህ ሲዘነጋ ተማሪው ከውይይቱ ይገለላል። በአግባቡ ቢያዝም መሣሪያው የምልክት ቋንቋን አይተካም።

ኤፍኤም አሁን በ2.4 ጊጋኸርዝ በሚሠሩ ዲጂታል መሣሪያዎች እየተተካ ነው።