ቧንቧና አዋጅ

ባለፈው ቅዳሜ የመታጠቢያ ቤቴን ቧንቧ ራሴ ቀየርኩ። ቆጣሪው ጋ ያለውን መዝጊያ ዘጋሁ፤ አሮጌውን ፈታሁ፤ የአዲሱን ጥርስ በቴፍሎን ጠቅልዬ አጠበቅኩት። «እትዬ» የምላቸው ጎረቤቴ በእጄ መፍቻ ሲያዩ ደነገጡ። «ምነው ልጄ፣ ይህን ሁሉ ተምረህ? ሠራተኛ ጠፋ እንዴ?» አሉኝ። አዝነውልኝ ነው። እኔን ግን ነገሩ ቆረቆረኝ።

ውሃ በቧንቧ ከእንጦጦ ወደ ምኒልክ ቤተ መንግሥት የወረደው በ1880ዎቹ ነው። ሥራውን የመራው ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በኋላ የንጉሠ ነገሥቱ ከፍተኛ አማካሪ እስከመሆን ደረሰ። የአገሬው ባለእጅ ግን «ቀጥቃጭ»፣ «ቡዳ» እየተባለ ይሰደብ ነበር። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ወደው አይደለም።

ቧንቧው ከቤተ መንግሥት ወጥቶ እኔም ቤት ገብቷል። አዋጁስ? እትዬን ምን አስወቀሰኝ! ስንቱን ቧንቧ ሠሪ ቤቴ ጠርቼ፣ ቡና እየተፈላ «ና፣ ቁጭ በል» ያልኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ሂሳቡን በር ላይ ሰጥቼ ነው የሸኘሁት።

ለካስ ሥራውም እንዳሰብኩት ቀላል አይደለም፤ ቧንቧዬ ይኸው ይንጠባጠባል። ነገ ባለሙያ እጠራለሁ። ቡናም ይፈላል።