ከእበት እስከ ሊሾ፦ የጉኑኖ ቤቶች ወለል ታሪክ

በወላይታ ዞን፣ በዳሞት ሶሬ ወረዳ በምትገኘው በጉኑኖና በአካባቢዋ የመኖሪያ ቤት ወለል ያለፈበትን ታሪክ ለመረዳት ከቤቱ አስቀድሞ ቤቱ የቆመበትን አፈር ማወቅ ያስፈልጋል። አካባቢው ከባሕር ጠለል በላይ 2000 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለውና በዓመት 1300 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ የሚያገኝ ሲሆን፣ አፈሩም ተመራማሪዎች ኒቲሶል የሚሉት፣ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ጥልቅና ቀይ ሸክላማ አፈር ነው። ግብርና ሚኒስቴር ከስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ጋር በ1981 እ.ኤ.አ. የጀመረው የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክት ከጥናት ጣቢያዎቹ አንዱን በጉኑኖ በማቋቋሙ፣ ይህ አፈር ከአገሪቱ በሚገባ ከተጠኑት መካከል ሊሆን በቅቷል። ሸክላማ አፈር ውኃን ይዞ የሚያቆይና በረቂቅ ቀዳዳዎቹ ወደ ላይ የሚስብ ነው፤ ስለዚህ በባሕር ዳርቻ አገር ወለልን የሚፈትነው በአየር ውስጥ ያለው እርጥበት ሲሆን፣ በጉኑኖ ግን ይበልጥ የሚያስቸግረው ከሥር የሚወጣው ነው።

ነባሩ የወላይታ ቤት፣ በወላይትኛ ኬታ የሚባለው፣ ክብ ሆኖ በእንጨትና በቀርከሃ ተዋቅሮ በሣር የሚከደን ሲሆን፣ ሰውና ከብት በአንድ ጣሪያ ሥር ያድሩበት ነበር። ወለሉ ተደልድሎና ተጠቅጥቆ የጠነከረ አፈር ነው፤ በላዩም እበት ይለቀለቃል። መለቅለቅ ማለት ትኩስ እበትን በውኃ አላልቶ በእጅ መዳፍ፣ በቅስት በቅስት እየሳቡ በስሱ መቀባት ማለት ነው፤ ሥራውም የሴቶች ነው። ቀቢዋ ከቤቱ ጥግ ጀምራ ወደ ኋላ እየሸሸች እስከ በሩ ትደርሳለች፤ እስኪደርቅም ማንም አይረግጠውም። በእበቱ ውስጥ ያለው በደንብ ያልተፈጨ የሣር ቃጫ ሽፋኑን አያይዞ መሰንጠቁን ይቀንሳል፤ አቧራውንም ያስራል። በክረምት ቶሎ ስለማይደርቅ የምድጃው እሳት ማድረቂያም ነበር፤ ጢሱ ለዓይንና ለሳንባ ጠንቅ ቢሆንም፣ ሙቀቱ ወለሉን ከመሻገት ይጠብቅ እንደነበር ሊካድ አይገባም። መስከረም ሲጋመስ በሚከበረው የጊፋታ በዓል ዋዜማ ቤትና ደጅ ሲጸዳ ወለሉም አዲስ ገጽ ያገኛል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የማይስተዋል አንድ ጉዳይ አለ። እበት ለወለሉ ብቻ የሚውል አልነበረም፤ የወላይታን ሕዝብ የሚመግበው እንሰት በጓሮው ለምቶ የሚቆየው በዚሁ የከብት ፍግ ነው። የእርሻ መሬቱ በሕዝብ ብዛት እየጠበበ፣ የግጦሽ ቦታም እየጠፋ በሄደ መጠን የከብቱ ቁጥር ቀነሰ፤ ከብት የሌለው ቤተሰብም ለወለሉ የሚሆነውን እበት ከጎረቤት የሚጠብቅ ሆነ። በዚህ ምክንያት የእበቱን ወለል ያዳከመው የከተማ ኑሮ መምጣት ብቻ ነው ማለት ስሕተት ነው፤ የላሟ ከበረት መጥፋትም የራሱ ድርሻ አለው።

ወለሉ ሲራቆት በእግርና በቀዩ አፈር መካከል የሚቀር ነገር የለም። በአማርኛ ዝሆኔ ከሚባሉት የእግር እብጠቶች አንዱ የሆነው ፖዶኮኒዮሲስ የሚመጣው ከትል አይደለም፤ በባዶ እግር ቆዳ ዘልቀው ከሚገቡ የዚህ ዓይነት አፈር ረቂቅ ቅንጣቶች ነው። ስያሜውን ከግሪክኛ «እግር» እና «አቧራ» ቃላት ያዋቀረው በኢትዮጵያ የሠራው እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ሲሆን፣ በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በወላይታ ከ100 ሰዎች ከ5 በላይ በዚህ ሕመም እንደሚሠቃዩ አሳይቷል። በዞኑ ዋና ከተማ በሶዶ በ1998 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የሞሲ ፉት ማኅበር ሕሙማኑን ሲረዳ ኖሯል። ሐኪሞች ከሚመክሩት መከላከያ ውስጥ ከጫማና ከእግር መታጠብ ቀጥሎ ወለልን መሸፈን ይገኛል። እበት አፈሩን ቢሸፍንም፣ በበኩሉ የመንጋጋ ቆልፍ ጀርም ሊይዝ ስለሚችል ለአራስ ሕፃን ያሰጋል፤ የአፈር ወለል ደግሞ ሙጀሌ ይራባበታል።

ወላይታ በንጉሡ በካዎ ጦና ሽንፈት በ1887 ዓ.ም. ወደ ምኒልክ ግዛት ከተጠቃለለ በኋላ፣ በሶዶና ቆይቶም በትንንሾቹ ከተሞች አራት ማዕዘን ቤትና የቆርቆሮ ክዳን ተስፋፋ፤ ሲሚንቶ ግን እጅግ ዘግይቶ ደረሰ። የአገሪቱ የመጀመሪያ ሲሚንቶ ፋብሪካ በኢጣሊያ ወረራ ዘመን በድሬዳዋ ተቋቋመ፤ የሙገር ፋብሪካም በ1984 እ.ኤ.አ. ማምረት ጀመረ። ተለስልሶ የተጠናቀቀ የሲሚንቶ ወለል የሚጠራበት ሊሾ የሚለው ቃል ራሱ ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙም «ልሙጥ» ነው።

ሊሾ ግን በቀይ አፈር ላይ እንዲያው ሲፈስ አይበረክትም። ልምድ ያለው ግንበኛ በመጀመሪያ የላይኛውን አፈር አንሥቶ ሶሊንግ የሚባለውን የድንጋይ ንጣፍ ይደለድላል፤ በድንጋዮቹ መካከል ያለው ክፍተት እርጥበቱ በቀጥታ እንዳይሳብ ያግደዋል። በላዩ ላስቲክ ዘርግቶ ኮንክሪት ያፈሳል፤ ልስኑ ካለቀም በኋላ ለሳምንት ያህል ውኃ ያጠጣዋል። ይህ ሲዘለል ወለሉ በክረምት ያልባል፣ ነጭ ጨው ያወጣል፣ ይሰነጠቃል። ሴራሚክም ከሥሩ ባዶ ቦታ ከቀረበት ሲረገጥ የባዶ ነገር ድምፅ ይሰጣል፤ ውሎ አድሮም ይነሣል። በአፈር ላይ የሚነጠፈው የፕላስቲክ ምንጣፍ ርካሽ ቢሆንም፣ እርጥበቱን ከሥሩ አፍኖ ስለሚያሻግት ከሁሉም የከፋ ምርጫ ነው።

የአፈር ወለልን መሸፈን ለጤና ያለው ጥቅም በሌላ አገርም ታይቷል፤ ሜክሲኮ በኮዋዊላ ግዛት ለድኻ ቤተሰቦች የአፈር ወለልን በሲሚንቶ በለወጠችበት ጊዜ በልጆች ላይ የአንጀት ትል፣ ተቅማጥና የደም ማነስ በእጅጉ መቀነሱ በ2009 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ተረጋግጧል። በሩዋንዳ ደግሞ የተጠቀጠቀ አፈርን ሲደርቅ በሚጠነክር የዕፅዋት ዘይት የማሸግ ዘዴ ተስፋፍቷል፤ በኢትዮጵያ ከጥንት የሚበቅለው የተልባ ዘይትም ይህ ጠባይ ስላለው፣ ሲሚንቶ ለማይደርስባቸው ቀበሌዎች ሊሞከር ይገባዋል።

በጉኑኖ ዛሬ ቤት የሚሠራ ሰው ገንዘቡ ለሳሎን ሴራሚክ ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ ያንኑ ገንዘብ ልጆች ለሚተኙበትና ምግብ ለሚበስልበት ክፍል ሊሾ ያውለው፤ እንግዳ የሚቀበልበት ክፍል ለሚቀጥለው ዓመት ይቆይ።